ከቶንጎ እስከ ረሺድ፦ ውሃ ድንጋይን የሚቆርጠው በምንድን ነው?



ወንዝ ወርዶ ውሃ የቀዳ ወይም ልብስ ያጠበ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። ከተራራ ግርጌ የሚለቀም ድንጋይ ሹልና ሸካራ ነው፤ ከወንዝ ውስጥ የሚወጣው ግን እንደ እንቁላል የለሰለሰ ነው። ሁለቱም ከአንድ አለት የተፈነቀሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ታዲያ የወንዙን ድንጋይ ማን ሞረደው? ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ባነሣን ቁጥር ከልጆቹ የምንሰማው መልስ አንድ ነው። «ውሃው ነዋ!» ይላሉ። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። የቀረውን ግማሽ በዚህ ጽሑፍ ለመሙላት እንሞክራለን። ነገሩ ለጂኦግራፊ ፈተና ብቻ የሚያገለግል አይደለም። እርሻችንን፣ የወርቅ ጉድጓዳችንን፣ በጉባ የተሠራውን ግድብ፣ ከዚያም አልፎ ከእኛ እጅግ ርቀው በባሕር ዳር የሚኖሩ ሰዎችን መሬት የሚነካ ጉዳይ ነውና።

ድስትና አመድ

ጥላሸት የያዘ ድስት ቀኑን ሙሉ ውሃ ቢፈስበት አይጠራም። እናቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ አመድና አሸዋ ጨምረው ይፈገፍጉታል። ውሃው የሚያገለግለው አሸዋውን ለማዳረስና የተፋቀውን ለማጠብ ነው። ወንዝም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ንጹሕ ውሃ ጠንካራ አለትን የመፋቅ አቅሙ አነስተኛ ነው። አለቱን የሚፍቀው፣ የሚቀጠቅጠውና የሚሞርደው ውሃው የተሸከመው አሸዋ፣ ጠጠርና ቋጥኝ ነው። ጠጠሩም አለቱን ሲሞርድ ራሱ ይሞረዳል፤ እርስ በርሱ እየተጋጨም ጠርዙ ይሰበራል። የሚከበው በዚህ ምክንያት ነው። በክረምት ከሞላ ወንዝ አጠገብ ቆሞ ጆሮውን የሰጠ ሰው ከውሃው ጩኸት ሥር የታፈነ የመንጓጓት ድምፅ ይሰማል። ይህ በወንዙ ወለል ላይ የሚንከባለሉት ድንጋዮች ድምፅ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጠንካራ ጠጠር በአለት ላይ ባለ ጎድጓዳ ሥፍራ ይገባና መውጫ ያጣል። አዙሪቱ እያሽከረከረው በዚያው ሲፍቅ ከርሞ ሙቀጫ የመሰለ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። በበጋ ወንዙ ሲጎድል እንዲህ ዓይነቱን ጉድጓድ ያገኘ ልጅ እጁን አግብቶ ከሥሩ ቢዳብስ ብዙ ጊዜ ቆፋሪዎቹን ጠጠሮች እዚያው ያገኛቸዋል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ፍጥነት ነው። የውሃው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት በእጥፍ ብቻ የሚጨምር ይመስለናል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው፤ ክብደቱ በግምት 64 እጥፍ ይደርሳል። ይህም ማለት አንድ ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ የሚገፋ ጅረት ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን 64 ኪሎ የሚመዝን ቋጥኝ ሊገፋ ይችላል። ከዚህም የተነሣ ወንዝ የዓመት ሥራውን አብዛኛውን ክፍል የሚጨርሰው በጥቂት የጎርፍ ቀናት ነው። ትናንት ጉልበት ድረስ የነበረ ውሃ ዛሬ ጥቂት ከፍ ብሎ ስናየው «ያው ወንዝ ነው» ብለን ልጆችን ማሻገር የማይገባንም ለዚህ ነው። ሰውን የሚጥለው የውሃው ጥልቀት ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱና ከሥር የሚመጣው ድንጋይም ጭምር ነው።

ውሃ ያለ አሸዋ የሚቆርጠው አንድ የድንጋይ ዓይነት ግን አለ፤ የኖራ ድንጋይ። ዝናብ በአየርና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና በጣም ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ ደካማ አሲድ የኖራ ድንጋይን ስንጥቅ እየተከተለ እንደ ስኳር ባይሆንም ቀስ እያለ ያሟሟዋል። በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ የተፈጠረው እንዲህ ነው። የዌብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ኮረብታ ሥር ገብቶ በሌላው በኩል ይወጣል። በውስጡ የቀረጻቸው መተላለፊያዎች በጠቅላላው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አላቸው። ዓምዶቹንና ጣሪያውን ያየ ሰው የሠለጠነ ግንበኛ ያነጻቸው አዳራሾች ሊመስሉት ይችላሉ። ዋሻው ስሙን ያገኘው በአካባቢው ትውፊት በዚያ ሥፍራ ተጠልለው ዒባዳ ያደርጉ እንደነበር ከሚነገርላቸው ከሸይኽ ሶፍ ዑመር ነው።

ኢብን ሲናና አል-ቢሩኒ

ይህን ሁሉ የደረሰበት የዘመናችን ሳይንስ ብቻ የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። መድረሳ የተማረው ወጣት የኢብን ሲናን ስም በሕክምና፣ የአል-ቢሩኒን ስም በሥነ ፈለክ ያውቀዋል። ስለ ድንጋይ የጻፉትን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ኢብን ሲና (እ.ኤ.አ. 980–1037) «አሽ-ሺፋእ» በተባለው ሰፊ መጽሐፉ ስለ ማዕድናት በጻፈበት ክፍል ተራሮች የሚገኙት በሁለት መንገድ ነው ይላል። አንደኛው በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ እንደሚሆነው መሬት ከፍ ሲል ነው። ሁለተኛው ጎርፍና ነፋስ ለስላሳውን ድንጋይ እየጠረጉ ሸለቆ ሲያወጡና ጠንካራው ሳይነካ ከፍ ብሎ ሲቀር ነው። ለዚህም እጅግ ረዥም ዘመን እንደሚያስፈልግ ገልጿል። ይህ ክፍል በኋላ ወደ ላቲን ሲተረጎም ጸሐፊው አሪስቶትል ነው ተብሎ በአውሮፓ ለረዥም ጊዜ መነበቡ የሚያስገርም ነው። የሙስሊሙ ሊቅ ሐሳብ በግሪኩ ሊቅ ስም ዞረ ማለት ነው።

አል-ቢሩኒ ደግሞ በ1030 ገደማ ስለ ህንድ አገር በጻፈው መጽሐፍ ያሰፈረው አስተያየት የአንድ ጎበዝ የመስክ ተመልካች ነው። መሬቱ ሲቆፈር በተራሮቹ አጠገብ፣ ውሃው በኃይል በሚወርድበት፣ ትልልቅ ክብ ድንጋዮች ይወጣሉ። ከተራራው በተራቀ ቁጥር ድንጋዩ እያነሰ ይሄዳል። ወንዙ ረግቶ ወደ ባሕር በሚቃረብበት ደግሞ አሸዋ ብቻ ይገኛል። ከዚህ ተነሥቶ የህንድ ሜዳ ቀድሞ ባሕር የነበረና ወንዞች ባመጡት ደለል የተሞላ ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። ሁለቱ ሊቃውንት በዘመናቸው ደብዳቤ ይጻጻፉና ይከራከሩ እንደነበር ይታወቃል። አንደኛው ስለ መቁረጥ፣ ሌላኛው ስለ ማስቀመጥ ጻፈ። ወንዝ የሚሠራቸው ዋና ዋና ሥራዎችም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። የአል-ቢሩኒን ነገር አንባቢያን በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ወርቁ ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

የዓባይ በረሃ

የኢብን ሲናን ሐሳብ በዓይኑ ማየት የሚሻ ኢትዮጵያዊ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ ይውረድ። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ጥልቀት 1,400 ሜትር ያህል ነው። መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ድንጋዩም ቀለሙን ይለውጣል። ከላይ ያለው ጥቁሩ ባሳልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነው። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ በውስጡ የባሕር እንስሳት ዛጎል ይገኝበታል። ይህም ያ አገር በአንድ ዘመን በባሕር ተሸፍኖ እንደነበር ምስክር ነው። ከዚያ በታች ጅብሰም ያለበት ንጣፍ ይከተላል። ጅብሰም በየክፍላችን የምንጽፍበት ጠመኔ የሚሠራበት ድንጋይ ነው። በመጨረሻም ወንዙ አጠገብ ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል።

ይህን ሁሉ ንጣፍ የቆረጠው ዓባይና ገባሮቹ ናቸው። ግን እንዴት ይህን ያህል ጠለቀ? ወንዝ የሚቆርጠው መውረጃ ሲያገኝ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ከምድር ውስጥ በመጣ ኃይል ከፍ እያለ ሲሄድ የወንዙ ተዳፋት ጨመረ፤ ተዳፋቱ ሲጨምር ፍጥነቱ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር የሚገፋው ድንጋይ ጨመረ። ኢብን ሲና የጠቀሳቸው ሁለቱ መንገዶች እዚህ ተገናኝተዋል። መሬቱ ይነሣል፤ ውሃው ይቆርጣል።

ሸለቆው ወደ ላይ ሰፊ የሆነው ግን በወንዙ ብቻ አይደለም። ወንዙ የሚሠራው ከሥር ነው፤ ጎኑን የሚያሰፋው ናዳ ነው። ወንዙ እግሩን የቆረጠበት ተዳፋት በዝናብ ሲርስ ይንሸራተታል። የዚህን መንገድ መሰንጠቅና መስመጥ ያየ ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። መሐንዲሶች ደጋግመው የሚጠግኑት መንገድ የተሠራው ገና ሥራውን ባልጨረሰ ሸለቆ ጎን ላይ ነው።

የጢስ እሳት ፏፏቴም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። ከጣና በታች 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወንዙ ከጠንካራ ባሳልት ጫፍ ላይ ይወረወራል። የሚወርደው ውሃ ከሥር ያለውን እየቦረቦረ ከላይ ያለው ድንጋይ ድጋፍ ሲያጣ ይናዳል። ፏፏቴ ሁሉ በዚህ ዓይነት እያደር ወደ ኋላው ያፈገፍጋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ

ቶንጎ ያለችው ውሃ በሚለያይበት አገር ነው። በማኦ ኮሞ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን የሚወርደው ውሃ ወደ ዳቡስ ይገባል፤ ከዳቡስ ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ ወደ ጉባ፣ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ይሄዳል። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ደግሞ ወደ ያቡስ ይገባና ድንበሩን ተሻግሮ በነጭ ዓባይ በኩል ወዳለው የማቻር ረግረግ ያመራል። አብዛኛው በዚያ ሜዳ ተንጣሎ በፀሐይ ይተናል። በአንድ ጀምበር፣ በአንድ ደመና የዘነበ ዝናብ ግማሹ ለባሕር፣ ግማሹ ለረግረግ ይታደላል።

ዳቡስም ቢሆን መንገዱን በአንድ ጊዜ አይጨርስም። በላይኛው ክፍሉ ትልቅ ረግረግ አለው። ውሃው እዚያ ሲደርስ ሜዳው ያዘገየዋል፤ ሲዘገይ የተሸከመውን ያወርዳል። ሸንበቆውና ሣሩም እንደ ወንፊት ያጠሩታል። ረግረግ «ጥቅም የሌለው መሬት» ነው የሚል አነጋገር በየስብሰባው ይሰማል። ከዳቡስ በታች ያለው ውሃ በረግረጉ ምክንያት ስንት አፈር እንደቀነሰ የሚያስብ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

በክልላችን በአብዛኛው ሥፍራ የላይኛዎቹ ንጣፎች ስለሌሉ ወይም ተጠርገው ስላለቁ ከመሬት በላይ የሚታየው እጅግ ጥንታዊ አለት ነው፤ ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይሆናል። የዳለቲና የማንኩሽ እብነ በረድ የሚወጣው ከዚህ አለት ነው። ወርቃችንም እንዲሁ። ወርቁ በመጀመሪያ የሚገኘው በጠንካራው አለት ውስጥ በሚያልፍ ነጭ የኳርትዝ ሥር ነው። ሰው በእጁ ሊያወጣው አይችልም። ፀሐይና ዝናብ አለቱን ሲያፈራርሱት፣ ጎርፍ ፍርስራሹን ሲጠርገው ወርቁም አብሮ ይወርዳል። እዚህ ላይ የአል-ቢሩኒ ነገር ይመጣል። ውሃ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ከባዱን ነው። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ተራ አሸዋ ግን ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ወርቁ በወንዙ መታጠፊያ ውስጠኛ ጎን፣ ከትልቅ ቋጥኝ ጀርባ፣ በአለት ስንጥቅና ከጠጠሩ ሥር ይከማቻል። ወርቅ አጣቢዋ እናት ገበቴዋን ስታወዛውዝ የምትሠራው ወንዙ ጀምሮ የተወውን ሥራ ነው። ቀላሉን አሸዋ ከላይ ታፈሳለች፤ ከባዱ ከሥር ይቀርላታል። መማሪያ መጽሐፍ ሳታነብ የደለልን ሕግ ጠንቅቃ ታውቃለች።

ስለ ጎርፍና ስለ ማዕድን ሲነሣ ቁርኣን በሱረቱ አር-ረዕድ 17ኛ አንቀጽ ሁለቱን በአንድ ምሳሌ ማስቀመጡን ብዙ አንባቢያን ያስታውሳሉ። ተፍሲሩን ከዑለማኦች መስማት ይሻላል። እኛ እዚህ የምንለው በገበቴ ወርቅ ሲታጠብ አይቶ ያደገ የቤኒሻንጉል ልጅ ያንን ምሳሌ ለመረዳት ከሌላው የቀረበ ነው ብቻ ነው።

ይህ ወርቅ ጦር አስዘምቷል። የግብፁ ገዢ ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1820 ሠራዊቱን ወደ ሱዳን የላከበት አንዱ ምክንያት የወርቅ ፍለጋ ነበር። በ1838 ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ በእርጅናው ራሱ ተነሥቶ እስከ ፋዙግሊ ድረስ መጣ። በኋላም ሸይኽ ሆጀሌ አል-ሐሰን ለአፄ ምኒልክ ይከፍሉ የነበረው ግብር በወርቅ ነበር። ያን ሁሉ ሰው የሳበው ነገር ውሃ ከአለት ፈልቅቆ በየወንዙ ያስቀመጠው ብናኝ ነው።

ሆኖም ስለ ጉድጓዶቹ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ወንዝ ዳር ያለው አፈር ራሱ ወንዝ ያስቀመጠው ልል ደለል ነው፤ እንደ አለት አይቆምም። ከሥሩ ወደ ጎን ሲቦረቦር ከላይ ያለው ድጋፍ ያጣል። ፏፏቴው ላይ የነገርናችሁ መናድ እዚህ በሰው ላይ ይሆናል፤ በተለይ ዝናብ ካረሰረሰው በኋላ። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ወርቅ የሚሄደውን ወጣት በምክር ብቻ መመለስ እንደሚያስቸግር እናውቃለን፤ ቤቱም ይቸገራል። ቢያንስ ግን ወላጆች ልጆቻቸው ወደ ጎን በተቦረቦረ ጉድጓድ እንዳይገቡ፣ በክረምትም ከወንዝ ዳር ቁፋሮ እንዲርቁ አጥብቀው ቢያዙ፣ ይህ የፍርሃት ምክር ሳይሆን የአፈርን ጠባይ ከማወቅ የመጣ ነው። የተተወ ጉድጓድም ተመልሶ ካልተሞላ የሚቀጥለው ጎርፍ መግቢያ ያገኛል፤ ከዚያ ቦረቦር ይጀምራል።

ሩቅ የሚሄደው አፈር

እስካሁን ያወራነው ስለ አለት ነው። አለት ሲቆረጥ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል፤ የእኛ ዕድሜ አይደርስበትም። አፈር ግን ሌላ ነው። አንድ ጣት የሚሞላ የእርሻ አፈር ከአለት ለመፈጠር መቶዎች ዓመታት ያስፈልጉታል፤ ለመሄድ ግን ጥቂት ክረምት ይበቃዋል። ከኢትዮጵያ በየዓመቱ የሚታጠበው አፈር ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

የሚጀምረው ከአንዲት የዝናብ ጠብታ ነው። ባዶ መሬት ላይ ስትወድቅ አፈሩን እንደ ጥይት መትታ ትበትነዋለች። በቀርከሃ ወይም በሣር ላይ ስትወድቅ ግን ኃይሏ እዚያው ያልቃል። ክልላችን በቀርከሃው የታወቀ ነው፤ ሥሩ ከመሬት በታች እንደ መረብ ተያይዞ አፈሩን ይጨብጣል። ቀርከሃው ለእርሻ ሲመነጠር የመጀመሪያው ዓመት እህል ጥሩ ይሆናል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ገበሬው «መሬቱ ደከመ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን መሬቱ ተጉዟል እንጂ አልደከመም። ተዳፋቱን ተከትሎ ከላይ ወደ ታች ማረስ ለጎርፉ ቦይ ከመቅደድ አይለይም፤ አግድም ማረስ ያዘገየዋል። ወንዝ ዳር ጥቂት እርምጃ ስፋት ያለው ቀርከሃና ሣር ሳይነካ መተው፣ በተዳፋት ላይ የድንጋይ እርከን መሥራት ወጪው ጉልበት ብቻ ነው። የኮንሶ ሰዎች በዚህ ለብዙ ትውልድ ኖረውበታል፤ እርከኖቻቸውም እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

አሁን የሄደውን አፈር እንከተለው። ከዳቡስ፣ ከዴዴሳ፣ ከበለስና ከሌሎቹም ገባሮች የሚሰበሰበው ደለል በዓባይ በኩል በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ሆኖ ወደ ሱዳን ይገባ ነበር። እዚያ የሮሴሪስ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲጠናቀቅ ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዝ ነበር። በአርባ ዓመት ውስጥ ከዚህ ሲሶ በላይ የሚሆነውን ቦታ የእኛ አፈር ሞላው። በ2013 ግድቡን በ10 ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። የገዚራ ገበሬዎችም በየዓመቱ ቦያቸውን ሲጠርጉ የሚዝቁት ጭቃ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው።

ዛሬ ያ ጭቃ ሌላ ማረፊያ አግኝቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ቁመቱ 145 ሜትር ሲሆን ከኋላው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ መያዝ ይችላል። ዳቡስ ዓባይን የሚቀላቀለው ከግድቡ በላይ ነው። ስለዚህ ከቶንጎ ተዳፋት በምሥራቅ በኩል የታጠበ አፈር ከአሁን በኋላ ሱዳን ሳይደርስ አብዛኛው በራሳችን ሐይቅ ወለል ላይ ይተኛል። ሐይቁ እጅግ ሰፊ ስለሆነ በቅርብ ይሞላል የሚል ስጋት የለንም። ነገር ግን በደለል የተያዘ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ለውሃ የማይሆን ቦታ ነው። ሕዝቡ ከኪሱ አዋጥቶ የሠራው ግድብ ዕድሜ በከፊል የሚወሰነው በማኦ ኮሞ፣ በወለጋና በጎጃም ማሳዎች ላይ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ከግድብ በታች ደግሞ የተገላቢጦሽ ነገር ይሆናል። ደለሉን አራግፎ የወጣ ንጹሕ ውሃ ጭነት የለውም፤ አቅሙ ግን አለ። ስለዚህ ከራሱ ወለልና ዳርቻ እየፋቀ መጫን ይጀምራል። የወንዝ መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ውሃ «የተራበ» ይሉታል።

ማዕበሉ

ይህ ረሀብ እስከ ባሕር ይደርሳል። የግብፅ ዴልታ ናይል ከኢትዮጵያ ደጋ ተሸክሞ ባወረደው ደለል በብዙ ሺህ ዓመታት የተሠራ መሬት ነው። ናይል ተሸክሞት ይሄድ ከነበረው ደለል ከ90 በመቶ በላይ ከእኛ የሄደ ነው። ግብፃዊው ገበሬ ስንዴውን የሚዘራበት ጥቁር አፈር የጎጃም፣ የወለጋ፣ የአሶሳም አፈር ነበር።

ባሕር አይተው ለማያውቁ ልጆች ማዕበል እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንግለጽ። ነፋስ በሰፊ ውሃ ላይ ሲነፍስ ጉልበቱን ለውሃው ይሰጠዋል፤ ማዕበሉም ያንን ጉልበት ተሸክሞ የባሕሩን ዳርቻ ይመታል። አለት ሲያገኝ በስንጥቁ ውስጥ ያለውን አየር እየጨመቀ ይሰነጥቀዋል፤ ጠጠር እያነሣም ይወረውርበታል። ዘዴው እንግዲህ ከወንዙ ብዙ አይለይም። አሸዋ ሲያገኝ ደግሞ በሰያፍ እየመጣ ዳርቻውን ተከትሎ ወደ ጎን ይገፋዋል። ለሐጅ ጅዳ የደረሱ ወላጆች በቀይ ባሕር ዳርቻ ማዕበሉ ከሩቅ ነጭ ሆኖ ሲሰበር አይተው ይሆናል። የሚሰብረው ዛጎል ድንጋይ፣ ማለትም ኮራል ነው። የአሮጌዋ ጅዳ ቤቶችም የተገነቡት በዚሁ ድንጋይ ነው። የግብፅ ዴልታ ግን እንዲህ ያለ ጋሻ የለውም፤ አሸዋና ጭቃ ብቻ ነው። ከማዕበሉ የሚጠብቀው ወንዙ በየዓመቱ የሚጨምርለት አዲስ ደለል ነበር። ማዕበሉ ይወስዳል፤ ወንዙ ይተካል።

እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ ተሠራ፤ በ1970 ደግሞ ታላቁ የአስዋን ግድብ ተጠናቀቀ። ወንዙ መተካቱን አቆመ፤ ማዕበሉ ግን መውሰዱን አላቆመም። ጉዳቱ የከፋው የናይል ምዕራባዊ ክንድ ወደ ባሕር በሚገባበት በረሺድ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሱልጣን ቃይትባይ ያሠራው ምሽግ የሚገኘው በዚያ ነው። በሦስት ጽሑፍ የተቀረጸው ታዋቂው የረሺድ ድንጋይም በ1799 ከዚሁ ምሽግ ተገኝቷል። በረሺድ አፍ ላይ መሬቱ በአንዳንድ ዘመን በዓመት እስከ 100 ሜትር ያህል እያፈገፈገ ወደ ባሕሩ ገባ። መንግሥት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በወንዙ አፍ ግራና ቀኝ የድንጋይና የኮንክሪት ግንብ አቆመ። ከግንቡ ጀርባ ያለው መሬት ማፈግፈጉን አቆመ። ማዕበሉም ግንቡ ካበቃበት ጫፍ አልፎ ቀጣዩን አሸዋ መብላት ጀመረ።